ከድምፅ ሥር ያለ ድምፅ

መንደሩ በሙሉ «ተኳሿ» ይላታል። ቅጽል ስሟን መጀመሪያ የሰማ እንግዳ ጠመንጃ አንግታ የምትዞር ሴት ስለሚመስለው ዞር ዞር ብሎ ያያል። እሷ ግን የምትተኩሰው ሸሚዝና ሱሪ ነው። ልጅ እግር ሆና በተቀጠረችበት ላውንድሪ ቤት፣ ከእንፋሎቱ ማሽን ፊት እንደቆመች ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል። «ዛሬስ ስንቱን ተኮስሽው?» ብሎ የሚቀልድባት አይጠፋም። «ልብሱን ነው እንጂ፣ ሰውየውማ እንደተጨማደደ ነው» ትልና ፔዳሉን ትረግጣለች፤ እንፋሎቱ ሽሽሽ ይላል፤ ወሬውም እዚያ ላይ ያበቃል።

በምሳ ሰዓት ሌላ ሰው ትሆናለች። የሥራ ባልደረቦቿ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፋፍቱ እሷ ዳቦዋን እየገመጠች ልትዘፍን ወደ ቤቷ ትሮጣለች። የሚያስሮጣት ከቤቷ ጎን ያለው ብየዳ ቤት ነው። ብረት መቁረጫው ከጠዋት ጀምሮ ሲያፏጭ ውሎ ዝም የሚለው ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ ብቻ ነው። ማታ ደግሞ የጎረቤት ቴሌቪዥንና ውሻ ተራውን ይረከባሉ። እና በዚያ ቤት ድምፅ መቅዳት የሚቻለው የብየዳ ቤቱ ሰዎች ጉርሻቸውን እስኪጨርሱ ነው።

መቅጃው ክፍል የእሷ መኝታ ቤት ነበር። ታናሽ ወንድሟን እናታቸው ስታርፍ የተረከበችው የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው። አሁን ጢም አብቅሎ፣ ደንበኞቹ «ኢንጂነር» እያሉ ቢያሞግሱትም፣ ለእሷ እስካሁን ማሙሽ ነው። የድምፅ ሙያ ተምሮ ሲመጣ «ክፍል ብቻ ነው የጎደለኝ» አላት። እሷም ብዙ አላሰበችም፤ አልጋዋን ሳሎን አወጣችና በመጋረጃ ጋረደችው። ግድግዳው ማሚቶ እንዳይመልስ የእንቁላል ካርቶን ለቅማ ብታመጣለት ሳቀባት።

«እታለም፣ ይሄ ዶሮ ያረባል እንጂ ድምፅ አይውጥም።»

«ታዲያ ምን ይውጠዋል?»

«ወፍራም ነገር። ብርድ ልብስ።»

ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ብርድ ልብሶች ላውንድሪ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተከምረው ነበር። አሠሪዋን ለመነች፤ ሰውየውም መጋዘኑ ስለሚለቀቅለት ደስ እያለው ሰጣት። ሁለት ሁለቱን ደርባ እየሰፋች ግድግዳውን ሁሉ አለበሰችው። የቁም ሳጥኑን በሮች ነቀሉና ውስጡን በብርድ ልብስ ሞልተው ማይኩን ከፊቱ ተከሉ። የጥልፍ ፍሬም ላይ የናይለን ስቶኪንጓን ወጥራ ከማይኩ ፊት አቆመችለት፤ «ፐ» እና «ጰ» ሲመጡ ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታው ነው። የምትዘፍነው ፊቷን ወደ ቁም ሳጥን መልሳ ነው። «ለቁም ሳጥን ዘፋኝ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች፤ «ደግነቱ በመሃል ተነስቶ አይወጣም።»

ሥራዋ «ጋይድ» መዝፈን ነው። ዘፈን ከተሠራ በኋላ ታዋቂው ዘፋኝ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰው ዜማውን ከሙዚቃው ጋር አስተካክሎ ይዘፍነዋል። ዘፋኙ ያንን እየሰማ ያጠናል፤ ከዚያ የራሱን ድምፅ ይቀዳል፤ ጋይዱም ይጠፋል። ግንበኛ ቤቱን ሲጨርስ መወጣጫ እንጨቱን ነቅሎ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጥሩ ጋይድ ሜዳ ላይ የተሠመረ መስመር ነው፤ ማስዋቡን፣ ማንቀጥቀጡን፣ ሆድ ማባባቱን ለባለ ዘፈኑ ይተዋል። ተኳሿ ይህን አሳምራ ታውቅበታለች። ድምፅዋ በዚህ ዓይነት ስንት ጊዜ እንደተደመሰሰ ጠይቃም አታውቅም። መወጣጫ እንጨት ላይ ሥዕል የሚሰቅል የለም።

አንድ ክፉ ልማድ ብቻ ነበራት። የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት ጆሮዋ አታደርግም። ሁለቱም ጆሮዎቿ ከተደፈኑ የራሷ ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ ይመስላትና ዜማው ይሸሻታል። ስለዚህ አንዱን ወደ ጉንጯ ገፋ ታደርገዋለች። ከተገፋው በኩል ግን የምቱን ልክ የሚጠብቀው ጠቅ ጠቅታ እያፈተለከ ማይኩ ውስጥ ይገባል።

«እታለም፣ ሁለቱንም ጆሮ!» ይላታል ማሙሽ።

«አንዱ ለሙዚቃው፣ አንዱ ለኔ!»

«አንቺ ሰላምሽን አግኝተሽ እኔ ጠቅታ ስለቅም ልኑር?»

«ደግሞ አንተ ለቅመህ ታውቃለህ እንዴ? ልጅ ሆነህ አሻንጉሊትህን የምለቅመው እኔ!»

ጋይድ የሚጠፋ ስለሆነ ጠቅታው ማንንም አይጎዳም ነበር።

ከደንበኞቹ ሁሉ ትልቋ «ባለመነጽሯ» ናት። ስሟ የታወቀ፣ ፎቶዋ በየፀጉር ቤቱ የተለጠፈ ዘፋኝ ናት፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንኳ ጥቁር መነጽሯን አታወልቅም። ማሙሽ እሷን ካገኘ ወዲህ እግሩ መሬት አልነካ አለ። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ተኳሿን በር ላይ አገኘቻትና «እናቴ፣ ውሃ ታመጪልኛለሽ?» አለቻት። ተኳሿ ውሃውን አመጣች። ባለመነጽሯ ጠጥታ ስትጨርስ «ይቺ ጋይድ የዘፈነችው ልጅ ማን ናት? ጎበዝ ናት» ብላ ማሙሽን ጠየቀችው። «አንዷ ናት» አለ ማሙሽ። ተኳሿ ባዶውን ብርጭቆ እንደያዘች ከልቧ ሳቀች፤ በዚህ ዕድሜዋ «ልጅ» ተብላለቻ።

የራሷ ዘፈን ደግሞ ነበራት። አንድ ብቻ። ዜማው የመጣላት በማሽኑ ፔዳል ላይ ነው፤ ሲረገጥ ጭጭ፣ ሲለቀቅ ሽሽ ይላልና። ግጥሙ ግን የቆየ ነው፤ ማሙሽ ሙያውን ሊማር እየሄደ አምሽቶ በሚመጣበት ዘመን፣ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው የቋጠረችው ነው።

«ደጁን አልዘጋሁም፣ ገርበብ አርጌዋለሁ፣
ከመቶ እግር መሃል ኮቴህን አውቃለሁ።»

አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉረው ማሙሽ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰማት። ትንሽ ቆይቶ፣ በማግሥቱም ይሁን በሳልስቱ፣ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ያቺን ዘፈን እንቅዳት።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ! ይቺን ለማንም አንሰጣትም። ይቺ ያንቺ ናት፤ በስምሽ ነው የምትወጣው።»

«በየትኛው ስሜ? ተኳሿ ብለህ?»

«ምናለበት? ተኳሿ ከተባለ ፖሊሱም ሳይቀር ያዳምጣል።»

እንደዚያ ቀን አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ አያውቅም። ላውንድሪ ቤት ልብስ ለምትረከበው ባልደረባዋ ሳይቀር በጆሮዋ ነገረቻት። «ስትታወቂ እንዳትረሺኝ» አለቻት ተቀባይዋ ነገሩ ቀልድ መስሏት፤ «ቀሚሶችሽን ግን በነፃ አልቀበልም።»

የመቅጃው ቀን ማሙሽ ሙዚቃውን ከፈተላት። ከለመደችው ወረድ ያለ ሆነባት።

«ምነው አጎነበሰ?» አለችው።

«ኪቦርዱ ላይ ሁለት ቁልፍ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ላንቺ ድምፅ ዝቅ ያለው ይሞቃል።»

መነሻው ስንኝ ጉሮሮዋን እንደ ሻካራ ወለል ፈተጋት። ይህ የእሷ ድምፅ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም። ቢሆንም «ኢንጂነሩ አንተ ነህ» አለችና ተወችው፤ ካውያ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ እሱ እሷን አያስተምራትም፣ እሷም እሱን አታስተምረውም። ከማይኩ አንድ ጭብጥና አንድ አውራ ጣት ርቃ ቆመች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። «ጋይድ አይደለም የምትዘፍኚው። ከልብሽ አርጊው።»

ከልቧ አደረገችው። በየሰው ዘፈን ላይ ስትቆጥበው የኖረችውን ሁሉ አወጣችው፤ አንቀጠቀጠችው፣ ሰበረችው፣ ጠገነችው። አዝማቹ መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ሁሉ ቀጥ ብሎ «አውቃለሁ» የሚለው ብቻውን አየር ላይ የሚንሳፈፍበት ቦታ አለ፤ ዝቅ ተደርጎም እንኳ ከፍ ያለ ነው። እዚያ ላይ ሳታስበው አንዱን ማዳመጫ ወደ ጉንጯ ገፋችው። ድምፅዋ ወጥቶ ቆመ፤ ሳይወላገድ፣ ሳይሰበር። ስትጨርስ ማሙሽ ስክሪኑን ያያል።

«ጠቅታው ገብቷል አይደል?» አለችው።

«ገብቷል። ጠቅ ጠቁ ከድምፅሽ ሥር ተጣብቋል፤ እሱን ላውጣ ብል ድምፅሽን እቆርጠዋለሁ።»

«እንደገና ልዝፈነዋ።»

«ተዪው። እንዲህ ያለ ደግሞ አይገኝም። ማንም ልብ አይለውም።»

ማቀናበሩን አጠገቡ ቁጭ ብላ አየችው። ሻካራውን ሲያለሰልስ፣ የጎደለውን ሲሞላ፣ ማሚቶ ሲጨምር። «ማሚቶ እንደ ስታርች ነው» አለችው፤ «ካነሰ ኮሌታው ይወድቃል፣ ከበዛ አንገት ያርዳል።» ሳቀና ትንሽ ቀነሰው። ሲያልቅ አብረው ሰሙት። ተኳሿ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ንጹሕ ብርጭቆ ደግማ አጠበች።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ማሙሽ ጭንቅላቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«እታለም፣ ዲስኩ ሞተ።»

«ማን?»

«ዲስኩ። ሥራ የማስቀምጥበት። ያንቺም ዘፈን አብሮ ሄደ።»

መጀመሪያ የነካችው ግንባሩን ነው፤ ትኩሳት ያለው መስሏት። ለራሷ ሐዘን ጊዜ አልሰጠችም። «አይዞህ፣ ዕቃ ነው» አለችው። «አንተ ደህና ሁንልኝ እንጂ ዘፈኑ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ፤ እንደገና እንቀዳዋለን።» ሻይ አፈላችለት፤ አባብላ አስጠጣችው። እሱም «እሺ» አለ። ነገር ግን «እንቅዳው» ባለችው ቁጥር የደንበኛ ሥራ ደረሰበት፣ ጉንፋን ያዘው፣ ማይኩ ጥገና ገባ። ነገ ነገ ሲባል ነገሩ የውሃ ሽታ ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሌታ ላይ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ተቀባይዋ ሬዲዮኑን ጮክ አደረገችው።

«ስሙ ስሙ! የባለመነጽሯ አዲስ ዘፈን!»

ተኳሿ መጀመሪያ የሰማችው ፔዳሉን ነው። ጭጭ፣ ሽሽ። ያ ምት። ከዚያ የባለመነጽሯ ድምፅ «ደጁን አልዘጋሁም» አለ። ተኳሿ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። የሆነ ሰው ቤቷ ገብቶ በእሷ ነጠላ ጫማ ሲመላለስ የሰማች ያህል ነው የሆነባት። ደግሞ ዜማው ያን ጊዜ ጉሮሮዋን የፈተጋት ቦታ ላይ ለባለመነጽሯ እንደ ልኳ የተሰፋ ቀሚስ ልክክ ብሏል። አዝማቹ መጣ። ከባለመነጽሯ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ተነሳ፤ ሽቅብ ወጣና የላይኛውን ተሸክሞት ሄደ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። «አውቃለሁ» አየር ላይ ቆመ።

ከሥሩ ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

ኮሌታው መሽተት ጀመረ። ከማሽኑ ስታላቅቀው ጫፉ ቡናማ ሆኗል፤ ስንት ዘመን ልብስ ስትተኩስ ያቃጠለችው የመጀመሪያው ነው።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ተቀባይዋ።

«እኔ ነኝ» አለች ተኳሿ።

«ምኑ?»

«ያቺ ከሥር ያለችው። እኔ ነኝ። ዘፈኑም የኔ ነው።»

ተቀባይዋ ሬዲዮኑን አየች፣ እሷን አየች፣ ከዚያ በሳቅ ፍርስ አለች። «እኔም ባለፈው ሳምንት የአንበሳ አሠልጣኝ ነበርኩ! ኧረ እባክሽ፣ እንፋሎቱ ጭንቅላትሽ ውስጥ ገብቷል፤ ውጪ ወጥተሽ ንፋስ ይምታሽ።» ክፋት የላትም። ማንም ቢሆን የሚለውን ነው ያለችው።

ቤት ስትገባ ማሙሽ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ቀና ብሎ «እታለም፣ ደከመሽ?» አላት። ለመጠየቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን «ራሱ ይንገረኝ» አለች በሆዷ። በማግሥቱም ጠበቀችው። ዘፈኑ ከየታክሲው፣ ከየሱቁ ይሰማል፤ እሱ ዳቦ ይቆርሳል፣ ጨው ይጠይቃል፣ ስለ ዝናብ ያወራል። አንዴ ከጎረቤት ሬዲዮ ሲመጣ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው። «ነፋሱ» አለ።

በዚያው ሰሞን ነጭ ሸሚዝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ።

«እታለም፣ ይቺን በእጅሽ አርጊልኝ። ሌላ ሰው ሲተኩሳት አንገቷ ይጣመማል።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ቴሌቪዥን! የባለመነጽሯ ዝግጅት በቀጥታ ይተላለፋል፤ ድምፁን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ።»

ሸሚዙን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ውሃ ረጨችበት፤ ካውያውን ሰካችው። ማሙሽ አልሄደም። የበሩን መቃን በጥፍሩ ይፍቃል።

«ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

«አስቸግረኝ።»

«አዝማቹ ላይ ያለችው ከፍታ በቀጥታ ስርጭት ትከብዳታለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሆነሽ ብታግዣት… ማይክ አዘጋጅልሻለሁ። ማንም አያይሽም፣ አትፍሪ።»

«የየትኛው ዘፈን አዝማች?»

ካውያው እየጋለ ቲክ ቲክ ይላል።

«ሰምተሽዋል ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ከነጠቅታው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እታለም፣ ልነግርሽ እያልኩ…»

«ዲስኩ ሞቷል ብለኸኝ ነበር። ከመቃብር ተነሳ?»

«አልሞተም።»

«ለቅሶ ደርሼህ ነበር እኮ፣ ማሙሽ። ሻይ አፍልቼ አባብዬህ ነበር።»

«ምን ላድርግ? ወደደችው። እምቢ ብላት ሥራዋን ይዛ ልትሄድ ነው። ደግሞ እውነቱን እናውራ፤ አንቺን ማን ያውቅሻል? በስምሽ ቢወጣ መንደሩ ሰምቶት ያበቃ ነበር። አሁን አገር እየዘፈነው ነው። ድምፅሽ ወጣ እኮ! ከሥሩ አለሽ።»

ካውያውን አንስታ የሸሚዙን ትከሻ ጀመረች። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል፤ ተረቱን ታውቀዋለች፤ ግን ጠየቀች።

«መቼ ነው የሰማችው?»

«ማለት?»

«ከቀዳነው በኋላ ነው ወይስ ሳንቀዳው?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ያን ቀን ሁለት ቁልፍ ዝቅ ያደረግኸው ለማን ጉሮሮ ነው?»

ማሙሽ እጆቹን አያቸው። ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

«ወጥ ቤት ስታንጎራጉሪ በስልኬ ቀድቼ አሰምቻት ነበር» አለ። «ልኳን ነግራኝ ነው ያወረድኩት።»

ስለዚህ ከመጀመሪያው ነው። «ይቺ ያንቺ ናት» ያላት ዕለት የሌላ ሰው ነበረች። ቁም ሳጥኑ ፊት አቁሟት «ጋይድ አይደለም» ሲላት ጋይድ እያስዘፈናት ነበር። እውነቱን ቢነግራት እኮ ትዘፍንለት ነበር፤ ስትዘፍንለት ነው የኖረችው። ግን ያን ጊዜ የሚያገኘው የተሠመረ መስመር ብቻ ነበር። ሆዷን ማስከፈት ፈለገ፤ የሚከፈትበትን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሞፈሩን ቆራጩ ከዚያው ደጃፍ ያደገ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን ተረቱ አይናገርም።

ሸሚዙን አላቃጠለችውም። በሙያዋ አትቀልድም። እጅጌውን ጨረሰች፣ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ መለሰችበት፣ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅላ ሰጠችው።

«መጋረጃ ጀርባ አልቆምም» አለች።

«እታለም፣ በእናታችን ይሁንብሽ!»

«በእሷ አትምጣብኝ።»

ዝግጅቱ የተላለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከላውንድሪ ቤቱ መቀበያ በላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። ተኳሿ ማሽኑን አጥፍታ መጣችና ከተቀባይዋ ጎን ቆመች። ለራሷም ማመን ያሳፈራት ተስፋ ነበራት፤ ያለ እሷ አዝማቹ እንደሚወድቅ፣ ባለመነጽሯ እዚያ ከፍታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ እንደ አሮጌ ክር እንደሚበጠስ። ያኔ ማሙሽ ዞር ብሎ ባዶውን መጋረጃ ያያል።

አዝማቹ መጣ። ባለመነጽሯ ማይኳን አንስታ አንገቷን ሰበር አደረገች። ሙዚቃው ቀጥ አለ። «አውቃለሁ» ወጣ፤ ሙሉ፣ ንጹሕ፣ ሳይወላገድ። ከሥሩ ጠቅ ጠቁ ሳይቀር። ከዚያው ከቁም ሳጥኑ የተቀዳው ነው። ማሙሽ አንድ ቁልፍ በአንድ ጣት ነክቶ ለቆታል። እምቢ ያለችው እግሯ ነው እንጂ ድምፅዋማ ከተያዘ ቆይቷል፤ ለካ የጠየቃት ብትቆምም ባትቆምም ለሚሆን ነገር ነው። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ።

ጠያቂው ጋዜጠኛ እየሳቀ ቀረበ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያቺ ከሥር የምትሰማ ውብ ድምፅ የማን ናት?»

«የኔው ናት!» አለች ባለመነጽሯ። «ኢንጂነራችን አባዝቶኝ ነው። ይኸው፣ እሱን ጠይቁት!»

ካሜራው ዞረ። ማሙሽ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ኋላ ቆሟል፤ ነጩ ሸሚዝ ላዩ ላይ አንድም መስመር የለውም፤ ኮሌታው እንደ ቢላ ቀጥ ብሏል። ለአፍታ ዓይኑን ሰበር አደረገ። ከዚያ ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ የእሷው ናት።

«ውይ፣ ወንድምሽ አይደለም እንዴ!» ተቀባይዋ ክንዷን ያዘቻት። «ሸሚዙ ሲያምር!»

«እኔ ነኝ የተኮስኩት» አለች ተኳሿ።

«እሱንማ አምንሻለሁ» አለች ተቀባይዋ።

ማሙሽ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሲመጣ ዕቃው በረንዳ ላይ ወጥቶ አገኘው። ስክሪኑ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ ማይኩ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል፣ ገመዶቹ ራሱ እንዳስተማራት ሳይጠማዘዙ ተጠቅልለው በጨርቅ ቁራጭ ታስረዋል። እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳ ታወርዳለች።

«እታለም፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ዕቃህ ነው። አልጋዬን ላስገባ ነው።»

«እኔስ የት ልሂድ?»

«ባለመነጽሯ ሰፊ ሳሎን አላት ይባላል።»

«ቀጥታ ስርጭት ነበር እኮ! ሕዝብ ፊት ‹አይደለችም፣ እህቴ ናት› ልል ነው?»

«አፍህንማ አልከፈትክም። ራስህን ባትነቀንቀውስ?»

ምስማር ስትነቅል አቧራው ፊቷ ላይ ወረደ፤ በክንዷ ጠረገችው።

«አስተካክለዋለሁ» አለ ዝግ ብሎ። «ጊዜ ስጪኝ፣ የሆነ መንገድ ፈልጌ አስተካክለዋለሁ።»

«ማስተካከሉንማ ማን ይችልሃል? ያቃጠለኝም እሱ ነው።»

እሱም መኪና ሊጠራ ወጣ። ተመልሶ መጥቶ ዕቃውን ሲያመላልስ እሷ ወጥ ቤት ገብታ እጇ ላይ የቀረውን የምስማር ዝገት በሞቀ ውሃና በሳሙና ትፈትግ ጀመር። ውሃው ሳህን ላይ ሲወርድ የሚሰጠው ምት ነበር፤ ከዚያም አንድ ዜማ ሳትጠራው መጣላት። እንደ ሁልጊዜው አፏ ቀድሟት ሁለት ሦስት ድምፅ አወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሳጥን ተሸክሞ የሚያልፈው ማሙሽ ቆመ። አስቦበት አልነበረም፤ ጆሮው ብቻ ነው የቆመው። ሳጥኑን እንዳቀፈ አንገቱን ወደ ወጥ ቤቱ አሰገገ።

«ይቺ አዲስ ናት?» አላት። ድምፁ ውስጥ የድሮው ማሙሽ ነበር፤ ደስ ያለው፣ የተገረመ።

«ምኗ?»

«አሁን ያልሻት።»

ተኳሿ ቧንቧውን ዘጋች።

«ምንም አላልኩም» አለች።

ጀርባዋን አይቶ ወጣ። በረንዳው ላይ ዕቃ ሲጫን፣ የመኪናው በር ሲዘጋ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሰማች። እሷ ዝገቱን ትፈትጋለች። ዜማው ምላሷ ሥር ተቀምጦ ይገፋታል፤ ከንፈሯን ገጥማ ያዘችው። መኪናው መታጠፊያውን አልፎ ድምፁ ከጠፋ በኋላም አልለቀቀችውም።